«ሃማራ ፓይሳ፣ ሃማራ ሒሳብ»፦ ድሆች የመንግሥትን ፖሊሲ ያስቀየሩበት መንገድ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ድሃው ስለ ድህነት ፖሊሲ ምን አገባው? ይህን በቅን ልብ የሚጠይቁ ሰዎች አሉ። ፖሊሲ የባለሙያ ነው፣ በጀት የገንዘብ ሚኒስቴር ነው፣ ድሃው የተሰጠውን ይቀበል ይላሉ። እኔ መልስ ፍለጋ ሁልጊዜ የምሄደው ወደ ህንድ፣ ወደ ራጃስታን ነው። እዚያ ብዙዎቹ ፊደል ያልቆጠሩ የቀን ሠራተኞች «አንድ ወረቀት አሳዩን» ብለው ጀመሩ። ሁለት ትልልቅ የአገር ሕጎች እንዲወጡም ምክንያት ሆኑ። ይህን ታሪክ ባነሳሁ ቁጥር ሰዎች የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የት ተጀመረ? ማን ጀመረው?

ራጃስታን ደረቅ አገር ነው። ዝናብ ሲጠፋ መንግሥት የድርቅ ሥራ ይከፍታል። መንገድ ይጠረጋል፣ ኩሬ ይቆፈራል፣ ድንጋይ ይለቀማል። እኛ «ምግብ ለሥራ» ስንለው የኖርነው ዓይነት ነው።

በ1987 ጥቂት ሰዎች ዴቭዱንግሪ በምትባል መንደር አንድ የጭቃ ቤት ውስጥ መኖር ጀመሩ። አሩና ሮይ የመንግሥት ሹም ነበሩ፤ ሥራቸውን በገዛ ፈቃዳቸው የለቀቁት በ1975 ነው። ሻንካር ሲንግ የዚያው አካባቢ ሰው ናቸው። በአሻንጉሊት ትርዒትና በቀልድ ሰው መሰብሰብ ያውቁበታል። ሦስተኛው ኒኪል ዴይ ወጣት ነበሩ። ከአካባቢው ገበሬዎችና የቀን ሠራተኞች ጋር ሆነው በ1990 የሠራተኞች ቀን፣ ሜይ 1፣ አንድ ማኅበር አቋቋሙ። ስሙ «ማዝዱር ኪሳን ሻክቲ ሳንጋታን» ነው። የሠራተኞችና የገበሬዎች ኃይል ማኅበር እንደማለት። ከውጭ አገር ለጋሽ ገንዘብ አይቀበልም። የሙሉ ጊዜ ሠራተኞቹ የሚያገኙት ክፍያም የቀን ሠራተኛ በሕግ ከሚያገኘው ዝቅተኛ ክፍያ ጋር የተጠጋ ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ሰው ያመናቸው በዚህ ጭምር ነው።

መጀመሪያ የጠየቁት ምን ነበር?

የሠሩበትን ገንዘብ። ሌላ ነገር አልነበረም።

በሕግ የተቀመጠ ዝቅተኛ የቀን ክፍያ አለ። የድርቅ ሥራ ላይ ያለ ሰውም ከዚያ በታች እንዳይከፈለው የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1983 ወስኗል። ጉዳዩም የመጣው ከዚያው ከራጃስታን ነበር። ውሳኔው አለ፣ ገንዘቡ ግን የለም። ለምን? ክፍያው በልኬት ነው። ሰው ቀኑን ሙሉ ይቆፍራል። በመጨረሻ መሐንዲሱ ይመጣና ይለካል። «መዝገቡ የሚለው ይህን ያህል ብቻ ሠርታችኋል ነው» ይላል። ክፍያው ግማሽ ይሆናል፣ አንዳንዴም ከግማሽ በታች።

እንግዲህ ሠራተኛው ምን ይላል? «መዝገቡን አሳዩና!» መልሱ «ምስጢር ነው» ነው። እንግሊዞች ህንድን ሲገዙ በ1923 ያወጡት የመንግሥት ምስጢር ሕግ ነበር። የስለላ ሕግ ነው። አንድ ሰው ስንት ቀን አፈር እንደተሸከመ የሚያሳይ ፔሮል በዚህ ሕግ ተሸሸገ።

የነገሩ መታጠፊያ እዚህ ጋ ነው። ሰዎቹ ገንዘቡን መጠየቃቸውን ሳይተዉ ወረቀቱን መጠየቅ ጀመሩ። «ተርበናል» ሲሉ ባለሥልጣኑ ያዝን ነበር። «ፔሮሉን አምጣ» ሲሉት ግን ደነገጠ።

«ጃን ሱንዋይ» የሚባለው ምንድን ነው?

ቃል በቃል «የሕዝብ ችሎት» ልንለው እንችላለን። የመጀመሪያው የተካሄደው ዲሴምበር 2 ቀን 1994 ኮት ኪራና በተባለች መንደር ነው። አሠራሩ እጅግ ቀላል ነው። ድንኳን ይተከላል፣ መነጋገሪያ ይዘጋጃል። ከውጭ የመጡ ጠበቆች፣ ጋዜጠኞችና መምህራን በታዛቢነት ይቀመጣሉ። ከዚያ የመንግሥት መዝገብ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ስም፣ የሠራው ቀን ብዛት፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ የጣት አሻራ።

ሕዝቡ ያዳምጣል። አንድ ስም ይነበባል፤ ሰውዬው ከሞተ ቆይቷል። ሌላ ስም ይነበባል፤ ከተማ ከገባ ዓመታት ሆነውታል። አንዲት ሴት ስሟ ሲጠራ ትነሳና እዚያ ሥራ ላይ እግሯን አንስታ እንደማታውቅ ትናገራለች። ቀጥሎ የግንባታው ዝርዝር ይነበባል። ሲሚንቶው ይህን ያህል፣ ድንጋዩ ይህን ያህል። ሕንጻው ተሠርቶ ተጠናቋል ይላል ወረቀቱ። ሰው ዞር ብሎ ያያል፤ ጣሪያ የለውም።

ማንበብ የማይችል ሰው ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈልጋል? ወረቀቱ የሚዋሸው ስለ ገዛ ሕይወቱ ነው።

እኔ ይህን ሳስብ የእኛ አውጫጭኝ ትዝ ይለኛል። ሌባ ሲጠፋ የአገሩ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰብና ያየውን ይናገራል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። በአውጫጭኝ የሚጠየቀው ባላገሩ ነው፤ ሹሙ ያስወጣዋል። እዚህ ግን አውጫጩ ባላገሩ፣ ተጠያቂው ሹሙ ሆነ።

መንግሥት ወዲያው ሰማቸው?

ኧረ የለም! ዓመታት ደጅ አስጠና።

በ1995 የራጃስታን ዋና ሚኒስትር ማንም ሰው ከፍሎ የመዝገብ ቅጂ መውሰድ ይችላል ብለው በክልሉ ምክር ቤት ቃል ገቡ። ዓመት አለፈ፣ አንድም ትእዛዝ አልወረደም። በኤፕሪል 1996 ሰዎቹ ቢያዋር በምትባል የገበያ ከተማ መሀል ተቀመጡ። 40 ቀን። እዚህ ላይ ከተሜው ያደረገው ነገር ደስ ይለኛል። ነጋዴው አትክልት ያመጣል፣ ሌላው ውኃ ያቀርባል፣ ገጣሚ ይመጣል፣ ጡረተኛ ይመጣል። ገበሬዎቹም ከቤታቸው እህል በየተራ ያዋጣሉ። «ሃማራ ፓይሳ፣ ሃማራ ሒሳብ» የሚለው መፈክር የታወቀው በዚህ ትግል ነው። ገንዘቡ የእኛ፣ ሒሳቡም የእኛ። «ሒሳብ» የሚለውን ማስተርጎም እንኳ አያስፈልገንም።

በ1997 ደግሞ በዋና ከተማዋ በጃይፑር 53 ቀን ተቀመጡ። መጨረሻው የሚያስቅም የሚያናድድም ነው። መንግሥት ብቅ አለና የመዝገብ ቅጂ የማግኘት መብት ከወራት በፊት በነጋሪት ጋዜጣ ወጥቷል አለ። ሰው ፀሐይ ላይ ተቀምጦ የሚጠይቀው ትእዛዝ ወጥቶ ኖሯል፤ ግን ማንም አልተነገረውም። መረጃ የማግኘት መብት ራሱ በምስጢር ተይዞ ነበር ማለት ነው።

ራጃስታን በ2000 ሕግ አወጣች። አገር አቀፉ የመረጃ መብት ሕግ በ2005 ጸደቀ። አንድ ሰው 10 ሩፒ ከፍሎ ማመልከቻ ያስገባል፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣል።

ወረቀት ከማየት እስከ ሥራ ዋስትና ምን አገናኘው?

በመሀል ረሃብ ገባ። በ2001 ራጃስታን ድርቅ ላይ ነበረች። የመንግሥት መጋዘኖች ግን በስንዴና በሩዝ ተጨናንቀዋል፤ የተረፈው ውጭ ሜዳ ላይ እየበሰበሰ ነው። አንድ የሲቪል መብት ድርጅት በኤፕሪል 2001 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። ክሱ አጭር ነው፦ በሕይወት የመኖር መብት በሕገ መንግሥቱ አለ፤ እህል ተከምሮ ሰው የሚራበው በየትኛው ሕግ ነው?

ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 2001 ትእዛዝ ሰጠ። የመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ለልጆቹ የበሰለ ምሳ ያብሉ፤ ጥሬ እህል መስጠት አይበቃም። በዓመት ቢያንስ 200 ቀን። ብዙ ክልሎች ዳተኛ ሆኑ። በኤፕሪል 2002 «ምግብ መብት ነው» ብለው የተነሱ ዘማቾች ልጆችን ባዶ ሳህን አስይዘው ሰልፍ አወጡ፤ አንዳንድ ቦታ ራሳቸው አብስለው አደባባይ ላይ አበሏቸው። ለባለሥልጣን ከዚህ የበለጠ ሃፍረት የለም። ምገባው እያደር በመላ አገሪቱ ተስፋፋ።

ከዚህ «ምግብ መብት ነው» ዘመቻ ውስጥ ቀጣዩ ጥያቄ ወጣ፦ ሥራም መብት ይሁን። ባዶ ምኞት አልነበረም፤ ማሃራሽትራ የምትባለው ክልል ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሥራ ዋስትና ነበራት። «አይቻልም» ላለ ሁሉ «ያው ማሃራሽትራ!» ማለት ተቻለ።

በ2004 ምርጫ መጣ። ያሸነፈው ጥምረት የሥራ ዋስትናን በፕሮግራሙ አስገባ። አሩና ሮይና የምጣኔ ሀብት ሊቁ ዣን ድሬዝ በጥምረቱ መሪ በሶኒያ ጋንዲ በሚመራው የአማካሪ ምክር ቤት ውስጥ ገቡ። ረቂቁ እዚያ ተሰናዳ። ከዚያ ግን መንግሥት ወደ ፓርላማ ያመጣው ረቂቅ ተሸራርፎ ነበር። ለምሳሌ መብቱ «ድሃ» ተብለው ለተመዘገቡ ቤተሰቦች ብቻ እንዲሆን ተደረገ። የድሃ መዝገብ በማን እጅ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ዘማቾቹ በ2005 አውቶቡስ ተከራይተው 50 ቀን፣ አሥር ክልል ዞሩ። በየገበያው ዘፈን፣ ትርዒት፣ ስብሰባ። ያ አንቀጽ ተሰረዘ። ሕጉ በዚያው ዓመት ጸደቀ፤ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2006 በ200 አውራጃዎች ጀመረ፣ በ2008 ገጠሩን ሁሉ አዳረሰ።

ሕጉ ምን ይል ነበር?

ማንኛውም የገጠር ቤተሰብ በዓመት 100 ቀን የመንግሥት ሥራ የማግኘት መብት ነበረው። ሥራ ጠይቆ በ15 ቀን ካልተሰጠው አበል ሊከፈለው ይገባ ነበር። ሥራው ከመንደሩ በ5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ይሁን። ከሠራተኞቹ ቢያንስ ሲሶው ሴቶች ይሁኑ፤ ሴትና ወንድ እኩል ይከፈላቸው። ኮንትራክተር አይግባበት። ውኃና ጥላ ይኑር።

ለእኔ ትልቁ ግን አንቀጽ 17 ነው። ሒሳቡን የመንደሩ ሕዝብ ራሱ ይመርምር ይል ነበር። በኮት ኪራና ድንኳን ሥር የተጀመረው ነገር የአገር ሕግ ሆኖ ወጣ።

ያለ ፍርድ ቤቱና ያለ ምርጫው ይሳካ ነበር?

አይመስለኝም። ግን ምርጫ ሲመጣ እጃቸው ላይ ዝግጁ ረቂቅ፣ የአሥር ዓመት ማስረጃና ወዳጅ ጋዜጠኞች ነበሩ። ዕድል ለብዙ ሰው ይመጣል፤ ባዶ እጁን ሆኖ የሚያገኘው ይበዛል።

በተግባርስ ሠራ?

አዎም አይደለምም። በኮቪድ ጊዜ ሰው ከከተማ ወደ ቀዬው ሲጎርፍ የያዘው ይህ ሕግ ነው። በ2020/21 ወደ 75 ሚሊዮን የሚጠጉ ቤተሰቦች ሥራ አግኝተውበታል። ከሠራተኞቹ ከግማሽ በላይ ሴቶች ነበሩ። ለብዙዎቹ በስማቸው የገባላቸው የመጀመሪያ ገንዘብ ነበር።

ነገር ግን 100 ቀን የተባለው በአማካይ ከ50 ቀን ብዙም አላለፈም። ክፍያ ይዘገይ ነበር፤ በ15 ቀን መግባት የነበረበት ወራት ይፈጅ ነበር። በአንድራ ፕራዴሽ ክልል የሕዝብ ምርመራው ጠንክሮ ሠርቶ ብዙ ማጭበርበር አጋለጠ፤ የተመለሰው ገንዘብ ግን ከተጋለጠው ጥቂቱ ነው። በኋላ ደግሞ መገኘት በሞባይል ፎቶ ይመዝገብ ተባለ። ምን ሆነ? ኔትወርክ በሌለበት ቀኑን የሠራ ሰው ቀረ ተባለ፤ ሌላ ቦታ ደግሞ የፎቶ ፎቶ እያነሱ የላኩ ተገኙ። ማጭበርበር ከወረቀት ወደ ስልክ ተሻገረ። እኛ «ሲስተም የለም» ስንባል የኖርን ሰዎች ይህ ብዙም አይደንቀንም።

አደጋ የለውም?

አለው። በህንድ በመረጃ ሕጉ ተጠቅመው ሙስና ሲጠይቁ የተገደሉ ሰዎች ቁጥር በደርዘኖች ነው። የተደበደቡትና የተፈራሩት ከዚያ ይበዛሉ። ስለዚህም ይመስለኛል ራጃስታኖቹ ሁሉን ነገር በሕዝብ ፊት ያደረጉት። ብቻውን ወረቀት የያዘ ሰው ይመታል፤ ወረቀቱን ሺህ ሰው ከሰማው በኋላ መምታት ብዙ አይጠቅምም።

የሥራ ዋስትና ሕጉ ዛሬም አለ?

በዚያ መልኩ የለም። በ2025 መጨረሻ የህንድ ፓርላማ በሌላ ሕግ ተካው። አዲሱ የቀኑን ቁጥር ወደ 125 ከፍ ያደርጋል። ነገር ግን ከወጪው 40 በመቶውን አብዛኞቹ ክልሎች እንዲሸፍኑ ያደርጋል፤ ከማዕከል የሚመጣው ገንዘብም አስቀድሞ ጣሪያ ይበጅለታል። ቀድሞ የጉልበት ሠራተኛው ክፍያ በማዕከላዊው መንግሥት ይሸፈን ነበር። ዘማቾቹ «ሥራ በጠየቅን ጊዜ» የነበረው «በጀት በተገኘ ጊዜ» ሆነብን ብለው ተቃወሙ። እኔም ቁጥሩ ከፍ ማለቱን አይቼ ለመደሰት ይከብደኛል።

ይህ ለእኛ አገር ምን ይነግረናል?

የዓመቱን አጋጣሚ እዩት። የገጠሩ ሴፍቲኔት ኢትዮጵያ ውስጥ የጀመረው በ1997 ዓ.ም.፣ የህንዱ ሕግ በጸደቀበት በ2005 ነው። ሥራውም ይመሳሰላል፤ እርከን፣ መንገድ፣ ኩሬ። ልዩነቱ የእኛው ፕሮግራም ነው፣ የነሱ ሕግ ነበር። ፕሮግራም ኮታ አለው። ኮታው ከሞላ አንዲት ድሃ «ለሚቀጥለው ዙር ጠብቂ» ትባላለች። «ተመርቀሻል»፣ ማለትም ራስሽን ችለሻል፣ ተብላ ከመዝገብ ስትወጣም የምትከራከርበት ቦታ ጠባብ ነው።

ጠባብ ይሁን እንጂ ባዶ አይደለም። በሴፍቲኔት መመሪያ መሠረት የተጠቃሚዎች ስም ዝርዝር በሕዝብ ፊት ይወጣል፣ ስብሰባ ላይም ይነበባል። የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴም በየቀበሌው እንዲኖር ይደነግጋል። ዘመዶቼ ባሉበት አንድ ወረዳ ስሙ ሲነበብ ሰምቻለሁ። አንባቢው በጣም ፈጣን ነበር! ከኋላ የተቀመጡት እናቶች የሰሙት ጭብጨባውን ብቻ ነው። አንዷ አጠገቤ ሆነው «አለሁ ወይስ የለሁም?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም አልሰማሁም።

ስለ ዘመቻ ከተነሳ ደግሞ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 መነሳት አለበት። ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገንዘብ የሚያገኝ ድርጅት ስለ መብት እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር። ስንዴ ማደል ይቻላል፤ ስንዴው ለምን አነሰ ማለት ግን አይቻልም። አዋጅ ቁጥር 1113 በ2011 ዓ.ም. ያንን ሻረው። የመረጃ ነፃነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590 ደግሞ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። መረጃ ተከልክያለሁ የሚል ሰው ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይችላል። ስንቶቻችን ሞክረነዋል?

እኛ ቀበሌ እንሞክረው ብንል ከየት እንጀምር?

ከትንሽ። «ፍትሕ ይስፈን» የሚል ማመልከቻ ፋይል ውስጥ ይገባና ይቀራል። «ባለፈው ወር ለቀበሌያችን የተከፈለበት ፔሮል ቅጂ ይሰጠን» የሚል ግን ወይ ይሰጣል ወይ ይከለከላል፤ ሁለቱም መልስ ነው። ለብቻ አትሂዱ። እድሩን፣ እቁቡን፣ የሰፈር ሽማግሌውን ይዛችሁ ሂዱ። ቅጂው ከተገኘ ፌስቡክ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት ስማቸው ያለበትን ሰዎች ጠይቁ። ስህተት የእናንተም ሊሆን ይችላል፤ አንድ ስም ከተሳሳታችሁ ኃላፊው የሚያነሳው እሱን ብቻ ነው።

ስብሰባው ሲደረግ ደግሞ ድምፁ ጎላ ያለ፣ የማይቸኩል አንባቢ ፈልጉ። አንድ ስም አንብቦ ቀና ይበል። ባለቤቱ እጅ እስኪያወጣ ይጠብቅ። ከዚያ ወደሚቀጥለው።